«የጎሳ መሪ» ማን ነው? የ«ባላባት» ቃል ታሪክና የዛሬው ክርክር

የሰላም ጉባኤ፣ የዕርቅ ሸንጎ ወይም የምርጫ ሰሞን ዜና የሚከታተል ሰው «የሃይማኖት አባቶች፣ የአገር ሽማግሌዎች፣ አባ ገዳዎችና የጎሳ መሪዎች በተገኙበት» የሚለውን ሐረግ ሳይሰማ የሚውለው ከስንት አንድ ቀን ነው። ሐረጉ ለጆሮ ከመለመዱ የተነሣ የተጠቀሱት ሰዎች ሥልጣናቸውን ከየት እንዳገኙ የሚጠይቅ የለም ማለት ይቻላል። ከመካከላቸው አንዱ ለስምንት ዓመት ተመርጦ ጊዜው ሲያበቃ የሚያስረክብ ነው፤ ሌላው ከአንድ ቤት ብቻ የሚወጣና ዕድሜ ልኩን በመንበሩ የሚቆይ ነው፤ ሦስተኛው በዕድሜውና በአንደበቱ የተከበረ እንጂ ምንም መንበር የሌለው ነው፤ አራተኛው ደግሞ የወረዳው አስተዳደር ለስብሰባ በጠራው ቁጥር ስሙ እየገነነ የመጣ ሰው ነው። አማርኛችን አራቱንም «የጎሳ መሪ» ብሎ ያልፋቸዋል።

ይህ መድበስበስ የመዝገበ ቃላት አዘጋጆች ጣጣ ብቻ ቢሆን ኖሮ ብዙም ባልከፋ። ነገር ግን ጨፌ ኦሮሚያ በ2013 ዓ.ም. በአዋጅ ቁጥር 240 የባህል ፍርድ ቤቶችን በሕግ ካወቀና የመጀመሪያ ደረጃና የይግባኝ እርከን ከሰጣቸው ወዲህ፣ ማን ይዳኛል የሚለው ጥያቄ ማንን ምን ብለን እንጠራዋለን ከሚለው ጋር ተሳስሯል። አማርኛም በዚህ ረገድ እንግዳ ቋንቋ አይደለም። በመንግሥትና በአካባቢው ሕዝብ መካከል የቆመውን ሰው ለረጅም ዘመን የጠራበት ቃል ነበረው፤ እሱም «ባላባት» ነው። ይህ ቃል ከየት ተነሥቶ የት እንደ ደረሰ የተከተለ ሰው፣ ዛሬ «የጎሳ መሪ» የሚለው ስያሜ በምን መንገድ ላይ እንዳለ ይገባዋል።

የቃሉ አፈጣጠር ግልጽ ነው። «ባለ» እና «አባት» ተጋጥመው «ባላባት» ሆነዋል፤ «ባለ» እና «አገር» ተጋጥመው «ባላገር» እንደ ሆኑት ሁሉ። «ባለ» በግዕዝ «ባዕል» ከሚለው፣ ባለቤት፣ ጌታ፣ ባለጸጋ ከሚል ትርጉም ካለው ጥንታዊ ሥር የመጣ ሲሆን፣ «ባል» የሚለው ቃላችንም የዚሁ ቤተሰብ ነው። እንግዲህ ባላባት በቀጥታ ሲፈታ «አባት ያለው» ማለት ነው። አባት የሌለው ሰው የለምና ፍቺው ሲሰሙት ግራ ያጋባል። ቁልፉ ያለው «አባት» የሚለው ቃል በርስት ሥርዓት ውስጥ በያዘው ልዩ ትርጉም ላይ ነው።

በጎጃምና በጎንደር የርስት ክርክር ውስጥ «አባት» ማለት ወላጅ ብቻ አልነበረም። መሬቱን መጀመሪያ ያቀና ወይም በስጦታ ያገኘ፣ መሬቱም በስሙ የሚጠራ ቀደምት ሰው «ዋና አባት» ይባል ነበር፤ መሬቱ ለልጆቹ ሲከፋፈል ክፍፍሉ በስማቸው የሚጠራላቸው ደግሞ «ምንዝር አባት» ይባሉ ነበር። አንድ ገበሬ የርስት ድርሻ ሲጠይቅ ከራሱ ጀምሮ ትውልዱን ወደ ላይ እየቆጠረ፣ በእናቱም በአባቱም በኩል እየዞረ፣ ከምንዝር አባቱ አልፎ ዋናው አባት ዘንድ መድረስ ነበረበት። ምስክር ይቆምለታል፤ ተከራካሪው ደግሞ ከቆጠራው መሐል አንዷን አያት ነቅሎ «ይህች ሴት ከዚያ ቤት አይደለችም» ይላል። ቆጠራው ከጸና ሰውየው የሚቆጥረው አባት ያለው ሆነ ማለት ነው። ባላባትነት በዚህ አገባቡ ሹመት ሳይሆን መረጃ ነው፤ «የት መጣ የማይባል፣ ሥሩ የሚታወቅ ሰው» ለማለት ነው። «የባላባት ልጅ ነው» ሲባልም ዘመዱ የታወቀ፣ ጨዋ፣ የተከበረ ማለት እንጂ የግድ ገዥ ነው ማለት አልነበረም።

እዚህ ላይ ብዙ ጊዜ የሚዘለል ነገር አለ። በዚያ ሥርዓት ርስት በሴትም በወንድም በኩል ስለሚወረስ፣ አንድ ሰው በአንድ ጊዜ የብዙ ዋና አባቶች ልጅ ነበር። ከስምንት ቅድመ አያቶቹ በአንዱ በኩል እዚህ፣ በሌላዋ በኩል ወንዝ ማዶ ድርሻ ይጠይቃል። እንዲህ ባለ ኅብረተሰብ ውስጥ ድንበሩ የተከለለ፣ አባሉ ማን እንደ ሆነና ማን እንዳልሆነ አንዴ የተወሰነ ጎሳ ሊኖር አይችልም። ጎሳ ከሌለ የጎሳ አለቃም የለም። ስለዚህ አማርኛ ተናጋሪው ገበሬ ለራሱ ኑሮ የጎሳ መሪ የሚል ቃል አላስፈለገውም። ከግዕዝ የወረሰው «ነገድ» በመጽሐፍ ቅዱስ ለአሥራ ሁለቱ የእስራኤል ነገዶች የተቀመጠ ቃል ነው፤ «አለቃ»ም ቢሆን የደብር፣ የጦር ወይም የሥራ አለቃ እንጂ የዘር አለቃ ሆኖ አልኖረም። «ጎሳ» እንኳ በአፋን ኦሮሞ «ዓይነት»፣ «ወገን»፣ «ዘር» የሚል ሰፊ ትርጉም ይዞ በዕለት ተዕለት ንግግር የሚያገለግል ቃል ሲሆን፣ በአማርኛ ግን ትርጉሙ ጠቦ ለዘር ሐረግ ብቻ ቀርቷል።

ከባላባት ፊት ለፊት የሚቆመው ቃል «ሹም» ነው። በግዕዝ «ሤመ» ሾመ ማለት ነው፤ «ሥዩም» የተሾመ ነው፤ ሹም ማለትም ሌላ ሰው ያስቀመጠው፣ በዚያው ሰው ፈቃድ የሚነሣ ማለት ነው። አንዱ ቃል ሥልጣንን ከታች ከደም ያመጣል፤ ሌላው ከላይ ከንጉሥ። «ሲሾም ያልበላ ሲሻር ይቆጨዋል» የሚለው ተረት ለባላባት አይነገርም፤ ባላባት አይሻርምና። ይህ ልዩነት እስከ አሥራ ዘጠነኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ ድረስ ደህና ሆኖ ቆየ። የፈረሰው የምኒልክ መንግሥት ወደ ደቡብ፣ ወደ ምሥራቅና ወደ ምዕራብ ሲስፋፋ ነው።

መስፋፋቱ በየቦታው አንድ ዓይነት መልክ አልነበረውም። የጅማው አባ ጅፋር ሁለተኛ በሰላም ገብረው ግዛታቸውን እየመሩ እ.ኤ.አ. በ1932 እስኪሞቱ ድረስ ቆዩ፤ የሌቃ ነቀምቴው ኩምሳ ሞረዳም ደጃዝማች ገብረ እግዚአብሔር ተብለው በአገራቸው ላይ ቀሩ። የወላይታው ካዎ ጦና እ.ኤ.አ. በ1894፣ የካፋው ንጉሥ ጋኪ ሸሮቾ በ1897 ተዋግተው ተያዙ፤ መንግሥታታቸውም ፈረሱ። ገብሮም ሆነ ተሸንፎ በገባው በአብዛኛው አገር ግን አዲሱ አስተዳደር ቋንቋውንና ሕዝቡን የሚያውቅ፣ ግብር የሚሰበስብ፣ ጥፋተኛ የሚያቀርብ የአካባቢ ሰው ያስፈልገው ነበር። ይህን ሰው «ባላባት» ብሎ ጠራው።

ምርጫው ያለ ምክንያት አልነበረም። ከሰሜን የመጣው ሹም የሚያውቀው ቃል እሱ ነበር፤ ሐሳቡም «እኛ ሹመኞች ነን፣ እነዚህ ደግሞ የአገሩ ሥር ያላቸው ናቸው» የሚል ነበር። ዳሩ ግን ቃሉ መንገድ ላይ ተገልብጧል። ጎጃም ውስጥ ባላባትነትን የሚያጸናው ጎረቤትና ምስክር ነው፤ ስንቱም ገበሬ ይጠይቀዋል። በደቡብ ባላባትነትን የሚያጸናው የገዥው ዕውቅና ሆነ፤ በአንድ አገር ላይም የታወቁ ጥቂት ሰዎች ብቻ ያዙት። ስሙ «አባት ያለው» ይላል፤ በተግባር ግን ሰውየው «ሹም» ሆኗል።

የዚህ ለውጥ ማሰሪያው መሬት ነበር። አገሩ በቀላድ ሲለካ፣ ማለትም በጠፍር ገመድ እየተጣለ በጋሻ ሲከፋፈል፣ አንዱ ጋሻ ወደ አርባ ሄክታር የሚጠጋ ሆኖ፣ ከሚለካው መሬት ሲሶው፣ በአንዳንድ ቦታም እርቦው፣ ለባላባቱ እንዲቀር ተደረገ፤ የቀረው ለመንግሥት፣ ለአካባቢው ሹም ለመልከኛው፣ ለወታደሩና ለቤተ ክርስቲያን ሄደ። «የባላባት ሲሶ» የሚለው አነጋገር የመጣው ከዚህ ነው። ብዙ ቦታ መሬቱ ቀድሞ የወገኑ የጋራ ይዞታ ነበር፤ መሪው ያከፋፍለዋል፣ ይዳኝበታል እንጂ የግሉ አልነበረም። ከቀላድ በኋላ ግን በመዝገብ የገባው የእሱ ስም ሆነ፤ ትናንት ወንድሞቹና የአጎቶቹ ልጆች የነበሩት ሰዎች ነገ ጭሰኞቹ የሚሆኑበት በር ተከፈተ። አንድን የባህል መሪ ከሕዝቡ ለመነጠል ከዚህ የበለጠ ዘዴ አላውቅም፤ ሾመኸው ብቻ ሳይሆን የሚከላከልለት የግል ጥቅም ሰጥተኸዋልና።

የቦረና ሁኔታ ነገሩን ከሁሉም በላይ ያሳያል። ቦረና ሳቦና ጎና በሚባሉ ሁለት ታላላቅ ክፍሎች የተዋቀረ ሲሆን፣ አባ ገዳ በገዳ ሥርዓት ተመርጦ ለስምንት ዓመት ብቻ ይመራል። ከዚህ ጎን ለጎን በየክፍሉ «ቃሉ» የሚባል መንፈሳዊ መሪ አለ፤ የሳቦው ከከራዩ ወገን፣ የጎናው ከኦዲቱ ወገን ይወጣል፤ ሥልጣኑ በዘር የሚተላለፍ ነው፤ ሥራውም በዋናነት መንፈሳዊና የምርቃት ነው። የንጉሠ ነገሥቱ አስተዳደር ቦረና ሲደርስ ባላባት አድርጎ የያዘው አባ ገዳውን ሳይሆን ሁለቱን ቃሉዎች ነበር። በየስምንት ዓመቱ የሚለወጥ ሰው ለግብር መዝገብ አይመችም፤ ልጁ የሚተካው፣ ቤቱ የማይንቀሳቀስ ሰው ይመቻል። መንግሥት ከሕዝቡ ተቋማት መካከል የራሱን ቅርጽ የሚመስለውን መረጠ፤ የመረጠውንም «የአገሩ ባላባት» ብሎ ሰየመው። ቦረና ግን ጉሚ ጋዮ በሚባለው ጠቅላላ ጉባኤው እየተሰበሰበ በራሱ ሥርዓት መተዳደሩን አልተወም፤ መንግሥት በሚያየው በኩል አንድ መሪ፣ ሕዝቡ በሚያየው በኩል ሌላ መሪ ሆኖ ዘመናት አለፉ።

በኦሮሞ አካባቢዎች ከባላባቱ በታች «ቆሮ» የሚባል ነበር፤ በየቀበሌው ደግሞ «ጭቃ ሹም» ነበር። ከጣልያን ወረራ በኋላ መንግሥት ጠቅላይ ግዛት፣ አውራጃና ወረዳ ብሎ አስተዳደሩን ሲያደራጅ፣ እ.ኤ.አ. በ1947 ደግሞ የአጥቢያ ዳኝነትን በአዋጅ ሲያቋቁም፣ ብዙውን ጊዜ ወንበሩ ላይ የተገኘው ያው የባላባት ቤት ነው። በሌላ በኩል በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ በአንቀጽ 3347 ሕጉ በሸፈናቸው ጉዳዮች ላይ የነበሩ ልማዳዊ ደንቦችን ሻረ። ውጤቱ እንግዳ ነበር፦ የባህል መሪ የተባለው ሰው በመንግሥት ወንበር ተቀምጧል፤ የሚዳኝበት ባህል ግን በሕግ የለም።

ይህ አካሄድ የኢትዮጵያ ብቻ አልነበረም። እንግሊዞች በሶማሌላንድ «አቂል» የሚል ማዕረግ ለጎሳ ሰዎች እየሰጡ አበል ይከፍሏቸው ነበር፤ ቃሉ ከዐረብኛ የተወሰደ ሲሆን «ብልህ» ማለት ነው። ሶማሌው ግን መንግሥት በሚከፍለው አቂልና ጎሳው በመረጠው ሱልጣን መካከል ያለውን ልዩነት ጠንቅቆ ያውቅ ነበር።

የባላባት ቃል መጨረሻ ድንገተኛ ነው። ተማሪዎች በ1957 ዓ.ም. «መሬት ላራሹ» ብለው አደባባይ ሲወጡ የክርክሩ እምብርት ጭሰኝነት ነበር። የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የገጠር መሬትን የሕዝብ ሀብት ያደረገው አዋጅ ቁጥር 31 ሲታወጅ፣ አንድ ቤተሰብ የሚይዘው ከ10 ሄክታር እንዳይበልጥ ተወሰነ፤ ሲሶውም እርቦውም ጠፋ፤ በባላባቱ ቦታ የገበሬ ማኅበር ተተካ። የዘመኑ ጽሑፎች ደግሞ ፊውዳሊዝም ለሚለው የውጭ ቃል አማርኛ ሲፈልጉ «ባላባታዊ ሥርዓት» አሉ። በዚህ አንድ የትርጉም ሥራ ቃሉ ዕጣው ተወሰነ። የጎጃሙ ገበሬ በኩራት የሚያነሣው «አባት ያለኝ ነኝ» የሚል መረጃና የደቡቡ የሲሶ ባለቤት በአንድ ስድብ ውስጥ ተጨፍልቀው ገቡ። ዛሬ «ባላባት ነኝ» የሚል ሰው ቢገኝ በቀልድ ወይም በትዝታ ነው።

«የጎሳ መሪ» የተወለደው ከዚህ ባዶ ቦታ ነው። የአካባቢ መሪዎች አልጠፉም፤ የሚጠሩበት የአማርኛ ቃል ግን ተበክሏል። «መሪ» የሚለው ቃል ምቹ ነው፤ በዘርም፣ በምርጫም፣ በሹመትም አይዝህም፤ ድክመቱም ይኸው ነው። «ጎሳ» ደግሞ ሌላ ጣጣ አለበት። የ1987ቱ ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 39 የፖለቲካውን ማኅበረሰብ «ብሔር፣ ብሔረሰብ፣ ሕዝብ» ብሎ ከሰየመ ወዲህ ሕዝብን በሙሉ ጎሳ ማለት እንደ ንቀት ይቆጠራል፤ ለሶማሌና ለአፋር የውስጥ አደረጃጀት ግን ጎሳ ነቀፌታ የሌለበት፣ ትክክለኛ ቃል ነው። አፋር ውስጥ የጎሳው አለቃ «ማካባንቱ» ነው፤ የአውሳው ሱልጣን ደግሞ «አሞይታ» ተብሎ ይጠራል፤ ሁለቱ እርከናቸው የተለያየ ነው። አማርኛ ዜና ላይ ሁለቱም «የጎሳ መሪ» ሊባሉ ይችላሉ።

በየቋንቋው ያሉትን ስያሜዎች ቀረብ ብሎ ማየት ጥቅሙ እዚህ ላይ ነው፤ ስሙ ራሱ ብዙውን ጊዜ የሥልጣኑን ምንጭ ይናገራል። «አባ ገዳ» ከሚለው ልጀምር፤ አማርኛ ተናጋሪ በብዛት የሚሳሳተው እዚህ ነውና። «አባ» ሲል የሰማ ሰው መነኩሴን ወይም አረጋዊ አባትን ያስባል። በአፋን ኦሮሞ ግን «አባ» አባትም ባለቤትም ነው፤ «አባ ላፋ» የመሬት ባለቤት፣ «አባ መና» የቤት ባለቤት ነው። ስለዚህ አባ ገዳ «የገዳ አባት» ሳይሆን «ባለ ገዳ» ነው፤ ገዳው ዛሬ በእጁ ያለ፣ ነገ ለሌላ የሚያልፍ ሰው ማለት ነው። የጅማው ንጉሥ አባ ጅፋር መባላቸውም «ጅፋር የተባለው ፈረስ ባለቤት» ከሚለው የፈረስ ስም ልማድ የመጣ ነው፤ ዳግማዊ ምኒልክ «አባ ዳኘው»፣ ዐፄ ቴዎድሮስ «አባ ታጠቅ» የተባሉበት ልማድም ከዚህ የራቀ አይደለም። የሚገርመው፣ አማርኛው ባለቤትነትንና አባትነትን በሁለት ቃል ገጥሞ «ባላባት» ሲል፣ አፋን ኦሮሞ ሁለቱንም በአንዱ «አባ» ውስጥ ይዟቸዋል።

ሶማሌው ዘንድ «ኡጋስ»፣ «ገራድ»፣ «ሱልጣን» የሚሉ ማዕረጎች አሉ፤ ጎሳዎቹ የራሳቸውን ይመርጣሉ እንጂ አንዱ ከሌላው በላይ ነው የሚል ደረጃ የላቸውም። የኢሳ ኡጋስ ከዋርዲቅ ወገን የሚመረጥ ሲሆን፣ በትውልድ ብቻ ከአባት ወደ ልጅ የሚሄድ ዙፋን አይደለም፤ የሚመርጠው የኢሳ ሽማግሌዎች ጉባኤ ነው። የሚገዛውም በሔር ኢሳ፣ ማለትም በቃል በሚተላለፈው ሕግ ታስሮ ነው፤ ይህ ሕግ እ.ኤ.አ. በ2024 በኢትዮጵያ፣ በጅቡቲና በሶማሊያ ስም በዩኔስኮ የማይዳሰሱ ቅርሶች መዝገብ ገብቷል። «ገራድ» ደግሞ ከሶማሌ አልፎ በሐረር፣ በስልጤና በሐድያ የኖረ ጥንታዊ ማዕረግ ነው፤ በዐፄዎቹ ቤተ መንግሥት ትልቅ ስም የነበራት ንግሥት ዕሌኒ የሐድያው ገራድ ልጅ ነበረች። በኮንሶ «ፖቀላ» የወገኑ የበኩር ቤት ነው፤ መሬትና ምርቃት በእሱ በኩል ያልፋሉ። በጋሞና በወላይታ «ካዎ» ንጉሥ ነው፤ ጋሞ ላይ ግን ከካዎው ጎን በጉባኤ የሚሾምና የሚሻር «ሀለቃ» አለ።

ወደ ዛሬው ክርክር ስንመለስ ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 34 ንዑስ አንቀጽ 5 ተከራካሪዎች ከፈቀዱ የግልና የቤተሰብ ጉዳዮች በባህል ሕግ ሊዳኙ እንደሚችሉ ይናገራል፤ በአንቀጽ 78 ንዑስ አንቀጽ 5 ደግሞ የባህል ፍርድ ቤቶችን ማቋቋም ወይም ዕውቅና መስጠት ለምክር ቤቶች ተትቷል። ለረጅም ጊዜ በወረቀት የኖረው ይህ ድንጋጌ አሁን በኦሮሚያ ሥጋ ለብሷል። በሶማሌ ክልልም «ጉርቲ» የተባሉ ሽማግሌዎች የክልሉ መንግሥት አማካሪ ሆነው ደመወዝ የሚቆረጥላቸው አሠራር ተሞክሯል። ዓላማው በጎ ሊሆን ይችላል፤ በሺህ የሚቆጠሩ ጥቃቅን ክሶች ከመደበኛው ፍርድ ቤት ይቀንሳሉ፣ የደም ዕዳ በካሳና በዕርቅ ያልቃል። ነገር ግን መንግሥት ዕውቅና በሰጠ ቁጥር አንድ ነገር ይለወጣል፤ ሽማግሌው ከዚህ በኋላ የሚያጣው ነገር አለው። የሚከፈለው ሰው ላለመከፈል ይፈራል፤ የማይከፈለው ሽማግሌ ግን የሚፈራው ስሙን ብቻ ነበር።

ስለዚህ ባላባትን ያጠፋው ቃሉ አይመስለኝም፤ የመሬቱ ሲሶ ነው። የዛሬው ስያሜም የሚከበረው ወይም የሚዋረደው ከጀርባው በሚቀመጠው ጥቅም ነው። አዋጅ አርቃቂዎች «የጎሳ መሪ» ወይም «ባህላዊ መሪ» ብለው ሲጽፉ ሰውየው በማን ተመረጠ፣ ለስንት ዘመን፣ ማን ሊያነሣው ይችላል የሚሉትን ሦስት ነገሮች ካልጻፉ፣ ቀዳዳውን የሚደፍነው የወረዳው ጽሕፈት ቤት ይሆናል፤ ልክ ቀድሞ ገዥው እንደ ደፈነው። ጋዜጠኞችም ቢሆኑ «አንድ የጎሳ መሪ» ከማለት ይልቅ ማዕረጉን በራሱ ቋንቋ መጻፍ፣ ካስፈለገም በአንድ ሐረግ ማብራራት ያን ያህል ቦታ አይፈጅባቸውም።

ቦረናን እንደገና ማየት ይበቃል። ኩራ ጃርሶ እ.ኤ.አ. በ2017 የተረከቡትን ገዳ ስምንት ዓመቱ ሲሞላ በ2025 ለጉዮ ቦሩ አስረክበው ወደ ዩባነት፣ ወደ መካሪነት ደረጃ ተሻግረዋል። በቦረና ሕግ ከዚያ ቀን ጀምሮ አባ ገዳ አይደሉም፤ «የጎሳ መሪ» ብሎ በመዘገባቸው የመንግሥት ሰነድ ላይ ግን ስማቸው የሚሰረዝበት አንድም ምክንያት የለም።